የፊንሌይ ጉረኖ

ድሮ ነው፣ እናንተም እኔም ሳንታሰብ። ከባሕር ማዶ፣ ከሰው ይልቅ በግ በሚበዛበት፣ ዝናቡ ክረምት ከበጋ በማይለይበት፣ ስኮትላንድ በሚሉት አገር ፊንሌይ የሚባል ባላባት ነበረ። ወዳጅ የለው፣ ልግስና የለው፤ ያለው አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው። እሱን ሲያሠራም ግንበኞቹን ውሃ እንኳ አላጠጣም።

በዚያ አገር ቫዮሊን መቺ ዜማ ሲያወጣ፣ ያደረበትን ቦታ ስም ይሰጠዋል። ባለቤቱ ይሞታል፤ ዜማው ግን በየሠርጉ እየተጨፈረበት ስሙን ለልጅ ልጅ ያደርሳል። የፊንሌይ ጎረቤቶች ቤቶች ሁሉ ዜማ ሲኖራቸው የእሱ ባዶውን ቀረ። ፊንሌይ በቅናት ሊፈነዳ ደረሰና ሙርዶ የሚባለውን ሽማግሌ ቫዮሊን መቺ አስጠራ።

«ስማ፣ እኔና ቤቴ ለዘላለም የምንነሳበት ዜማ አውጣልኝ።»

«እሺ ጌታዬ። ልማዱን ያውቁታል፤ የምሰይመው ባደርኩበት ነው።»

ፊንሌይ የሽማግሌውን ጭቃ የጠጣ ጫማ አየ፤ አዲሱን ምንጣፉን አየ። «በዚህ እግርህ ልትገባ? ከበጎቹ ጋር ጉረኖ እደር።»

ሚስቱ ኢሶበል፣ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ እንግዳ እኮ ነው» አለችው።

«ዝም በይ፤ ማን ያያል?»

ሰነፍ ሁልጊዜ «ማን ያያል» ነው የሚለው።

በማግስቱ የአገሩ መኳንንት ዜማውን ሊሰሙ ተጠሩ። ለምንጣፉ ሲል እነሱንም ሣር ላይ አስቀመጣቸው። ሙርዶ ደጋኑን ሳብ ሲያደርግ እግሩን መያዝ የቻለ አልተገኘም፤ ቦርጫሙ ዳኛ ሳይቀር ዘለለ።

«ምን ይባላል?» አሉት።

«የፊንሌይ ጉረኖ።»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። የፊንሌይ ፊት በርበሬ መሰለ። «የፊንሌይ አዳራሽ በል።»

«አዳራሹን መች አየሁት፣ ጌታዬ?»

ዜማው በገበያ ተመታ። «ምን ይባላል?» «የፊንሌይ ጉረኖ።» በሠርግ ተመታ። «ምን ይባላል?» «የፊንሌይ ጉረኖ።»

ፊንሌይ አሰበ። የእሱን ማሰብ ያየ ማሰብን ይጠላል። «ጉረኖው ከሌለ ስሙም አይኖርም» ብሎ ጉረኖውን አፈረሰው። በጎቹ መጠለያ ሲያጡ፣ ከዝናቡ ሸሽተው በተከፈተው የቤቱ በር ሰተት ብለው ገቡ፤ ምንጣፉ ላይ ተኝተው ማመስኳት ያዙ።

ዜማውን የወደዱ መንገደኞች ቦታውን ሊያዩ መጡ። አንድ ቤት አዩ፣ በውስጡም በግ።

«ለካ ጉረኖው ይህ ነው» አሉ።

«ይህ የእኔ ቤት ነው። እኔ ባላባቱ ፊንሌይ ነኝ» እያለ ዱላውን ይዞ ወጣ።

መንገደኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እረኛው ምነው ተቆጣ?»

እንግዳውን ጉረኖ ያሳደረ፣ ራሱ ጉረኖ ውስጥ አደረ።