ሁለተኛው ዓይን

አንድ እንየው የሚባል ወጣት ሥዕል ሊማር ወደ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሄደ። ከተማዋ የድሮ ነገሥታት የገነቧቸው ግንቦች የሞሉባት፣ የአብያተ ክርስቲያናቷ ጣሪያና ግድግዳ በመላእክትና በቅዱሳን ሥዕል የተሸፈነ፣ ለሠዓሊ ዓይን ሰርግና ምላሽ የሆነች ነበረች። እንየውም ቢሆን ባዶ እጁን አልመጣም። በአገሩ እጁ የተመሰከረለት፣ "ይሄ ልጅ የትም ይደርሳል" ተብሎ፣ ተመርቆና ተሸኝቶ የመጣ ነው። ምን ያደርጋል፣ በመጀመሪያው ቀን ትርንጎ ከምትባል ልጅ አጠገብ ተቀመጠ።

ትርንጎ የዚያው ከተማ ልጅ ናት። ብዙ አታወራም። እርሳሷን አንስታ አንዲት መስመር ስትስብ እንየው ከጎን አየና የራሱን እርሳስ አስቀመጠ። ቀና። ቀናባት እንጂ፣ ምን ይሸፋፈናል!

መምህራቸው የኔታ ዘለቀ በተማሪዎቹ መካከል እየተዘዋወሩ ሥራቸውን ሲያዩ ትርንጎን "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" አሏት። ቀጥለው እንየውን "ጎበዝ፣ መስመርህ ደስ ይላል፣ በርታ" አሉት። እሱ ግን ለራሱ የተባለውን አልሰማም። "እጅሽ ይባረክ" የሚለው እንደ እሾህ ተሰክቶበት፣ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ወደ ከተማው መላክ ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ገበያ፣ አንድ ቀን ግንቡ ሥር፣ አንድ ቀን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በታች አንጋጠው እንዲስሉ ያደርጓቸዋል። ሌሎቹ ከተማውን ሲስሉ እንየው ትርንጎን ይከተላል። ምን ሳለች? ከየት ጀመረች? የቱን ቀለም ከየቱ ጋር ቀየጠች? ከግንቡ ሲመለስ ግንቡ ስንት በር እንዳለው ቢጠይቁት አያውቅም። ትርንጎ የትኛው በር ላይ እንደተቀመጠች ግን አብጠርጥሮ ይነግራችኋል። አይ እንየው! ያን የመሰለ ከተማ ውስጥ እየኖረ ያየው የአንዲት ልጅ ሸራ ብቻ ነበር።

"እጇ አይደለም፣ ቡርሿ ነው" ብሎ ራሱን ያጽናናል። አንድ ቀን ጨክኖ "እስቲ ቡርሽሽን አውሽኝ" አላት።

"ውሰደው፤ አንተው ጋ ይቅር" አለችና የምትወደውን ቡርሽ ሰጠችው።

ይሄ ደግሞ ባሰ። በቡርሿ የሳለው የራሱን የድሮ ሥዕል መሰለ፤ እሷ በአሮጌ ቡርሽ የሳለችው የሷኑ መሰለ። ያን ጊዜ "የኔታ ለአገራቸው ልጅ ያዳላሉ" የሚል ወሬ ጀመረ። ወሬውን የሰማው ሁሉ ከማን እንደመጣ ያውቅ ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ደረሰ። በከተማው ዳር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ታንጾ ግድግዳው ሠዓሊ ይጠብቃል። የኔታ ከተማሪዎቻቸው አንዱን መርጠው አብረው ሊስሉት ነው። የተመረጠው ስሙ ይወጣል፤ ያልተመረጠው ሸራውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንየው ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ያ ሁሉ የመረቀው ሰው "እህ፣ ምን ሆነህ መጣህ?" ሲለው ታየው።

"በቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ሥርዓት፣ እያንዳንዳችሁ፣ ሁላችሁንም አንድ ማዕድ ላይ እንደተቀመጣችሁ አድርጋችሁ ሳሉልኝ" አሉ የኔታ። "ሸራችሁን ግን እስከ ፍርዱ ቀን ሸፍኑት።"

የቀድሞዎቹን ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ወለል ብሎ ይሳላል። ክፉ ሰው፣ እንደ ይሁዳ ያለ ከሃዲም ሆነ ሰይጣን፣ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሳላል። ግድግዳው ላይ ያለውን አንድ ዓይና ያየ ምእመን ማንነቱን ለመረዳት ጽሑፍ አያስፈልገውም።

እንየው የትርንጎ ሸራ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲያይ ሊያብድ ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደምትስል አላወቀም። ንዴቱን ሁሉ በራሱ ሸራ ላይ አወጣው። ራሱን መሃል ላይ፣ ከሁሉ አግዝፎ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሳለ። ትርንጎን ጥግ አስቀመጣትና በአንድ ዓይን ሳላት። ሲጨርስ ደስ አለው። ደስታው ግን እንደ ሞቀ ውሃ ወዲያው በረደበት።

የፍርዱ ቀን መጣ። የኔታ መጀመሪያ የእንየውን ሸራ ገለጡ፤ ጠጋ ብለው አዩት።

"ምን በደለችህ?" አሉት።

"እጄ ስቶ ነው፣ የኔታ" አለ።

"እጅህ አይስትም፣ አውቀዋለሁ" አሉና ወደ ሌሎቹ አለፉ። በመጨረሻ የትርንጎን ገለጡ። ተማሪው ሁሉ "ውይ!" አለ። እያንዳንዱ ራሱን አገኘ። አንዱ እየሳቀ፣ አንዱ እያጎረሰ፣ ሁሉም በሁለት ዓይን፣ ሁሉም በሕይወት ያሉ ይመስላሉ። አንድ ሰው ብቻ በጎኑ ተስሏል። ሳህኑ ሙሉ ነው፤ አንዷ ዓይኑ ግን የጎረቤቱ ሳህን ላይ ናት።

"እኔን!" ብሎ ጮኸ እንየው። "እኔን ከይሁዳ ጋር! አያችሁልኝ? ዝም ብላ ዝም ብላ የያዘችልኝን ቂም አያችሁልኝ?"

ትርንጎ ደነገጠች። "ቂም አይደለም፣ በማርያም!" አለች። "ሁለተኛውን ዓይን ልጨምርልህ ስንት ጊዜ ሞክሬ አጠፋሁት። አላውቀውማ! ከመጣህ ጀምሮ አጠገቤ ነህ፤ ሳናግርህ እንኳ የምታየው ሸራዬን ነው። ያላየሁትን ዓይን ከየት አምጥቼ ልሳለው?"

የኔታ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። "ከእናንተ ውስጥ የእንየውን ፊት ሙሉውን የሚያውቅ አለ? እንየው ቀና ብሎ በሁለት ዓይኑ ያየው ሰው አለ?"

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። እንየው አንዱ እንኳ "እኔ" እንዲል በልቡ ለመነ፤ አንድም ቀና ያለ የለም።

"ልጄ" አሉት የኔታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ክፉው በአንድ ዓይን የሚሳለው ፈጣሪ አጉድሎበት አይደለም። ሁለት አለው። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ አንዱን ራሱ ደበቀው እንጂ። ያንተ መስመር ከትርንጎ መስመር አያንስም ነበር፤ ስነግርህ አልሰማኸኝም። አሁን ግን ግድግዳው የሰው ፊት ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ የሰው ፊት አላየህም።" ይህን ብለው ትርንጎን መረጡ።

እንየው ሸራውን ሊጠቀልል ሲነሳ ትርንጎ እጁን ያዘችው። "ቀለሙ ገና አልደረቀም" አለች። "ፊት ለፊቴ ተቀመጥ። ሁለተኛውን ዓይን አሁኑኑ ልጨምርልህ፤ እንዲህ ሆነህ አትሂድ።"

እያመነታ ተቀመጠ። ተማሪው ሁሉ ከበባቸው። ትርንጎ ቀለም በጠበጠች፣ ቡርሿን ነከረች፣ ፊቱን ልታይ ቀና አለች። እንየው ግን አንገቱን አስግጎ ቀለሙን እንዴት እንደበጠበጠችው እያየ ነበር።

"ኧረ እንየው!" አለች ትርንጎ፣ እንባዋ እየመጣ። "እኔን እየኝ!"

ቀና ማለቱን ወይም አለማለቱን የነገረኝ የለም። እኔ ግን ይህን ተረድቻለሁ፤ ቅናት የሌላውን እጅ አያደክምም፣ የሌላውን ሳህን አያጎድልም። የሚወስደው የራሳችንን ፊት ነው። የሰው ሥራ ስንሰልል የራሳችን ተሰጥኦ ሳይታይ ያልፋል፤ የሚወደን ሰው እንኳ አጠገባችን ተቀምጦ ሳያውቀን ይቀራል።

እስቲ እናንተም አስቡት፤ ዛሬ ከጎናችሁ ያለው ሰው እናንተን ሳል ቢባል፣ በስንት ዓይን ይስላችኋል?