የገዛ አጥር እሾህ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጠብ የማይወድ ሰው። ጎረቤቱ ሲያርስ ድንበር ገፋበት። ወንድሞቹ ዱላቸውን ይዘው መጡና ዝም ብለህ ልታየው ነው ወይ አሉት። እሱ ግን «እጄ የሰው ደም አይነካም» ብሎ መለሳቸው። ቃሉንም ጠበቀ፤ ሰውዬውን አልመታውም፣ አልሰደበውም። አገሩ ሁሉ ታጋሽነቱን አወራለት። ደግ አደረገ፤ ይህን የሚነቅፍ የለም።

ነገር ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል እሳት የሚጫጫሩባት አንዲት መተላለፊያ ነበረች። ያቺን በአጋም እሾህ ዘጋት። እሾሁ ሲሳሳ ሌላ ይደርብበታል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባም አስቀድሞ ጎረቤቱ የቆመበትን ያይና ራቅ ብሎ ይቆማል። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም የሚለው ላልተጣላው ሰው እንዲሆን ነው። እግዜርም ያላየበት መስሎታል፣ ምስኪን።

አንድ ቀን በበጋ የጎረቤቱ ቤት ተቃጠለ። ባለቤቱ እርሻ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለችው ዓይነ ስውር እናቱ ብቻ ናት። ገበሬው በልጅነቱ ከልጆቿ ሳትለይ ያበላችው ሴት ናት። ጩኸቷን ሰማ። ውሃ የሞላ እንስራ ተሸክሞ ሮጠ። ከገዛ አጥሩ ሲደርስ ቆመ። ዞሮ እንዳይሄድ ሩቅ ነው። እንስራውን አስቀምጦ እሾሁን በባዶ እጁ ይነቅለው ጀመር። ዓመት ሙሉ የደረበው እሾህ በቀላሉ አልለቅ አለው።

ጥሶ ሲያልፍ ልጇ ከእርሻ ደርሶ አውጥቷታል። ነፍሷ ተርፋለች፤ ትከሻዋን ግን እሳት ልሶታል። ጎረቤቱ ቀና ሲል የገበሬውን እጆች አየ፤ ደም ያንጠባጥባሉ። ከጋቢው ጫፍ ቀዶ አሰረለት።

«በዚህ በኩል ትመጣለህ ብዬ አላሰብኩም» አለው።

ገበሬው አለቀሰ። «መምጣቱንስ መጣሁ፤ ያዘገየኝ የገዛ እጄ ነው።»

የድንበሩን ነገር በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ጨረሰው፤ ጎረቤቱም የገፋውን መለሰ። በእሑዱ ቅዳሴ ግን ያ ሁሉ ሳይሆን ገና፣ ገበሬው እጁ እንደታሰረ ሄዶ ከጎረቤቱ አጠገብ ቆመ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተ «ወንድሜን አልመታሁትም፣ አልሰደብኩትም፣ ሰላም ከዚህ ሌላ ምን ይፈልግብኛል» ብለህ ጠየቅኸኝ። እጅህን መሰብሰብህ መልካም ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ግማሹ ነው። ጌታችን እኛን አለመምታት ብቻ መች በቃው? ወደ እኛ መጣ እንጂ። አንተ የወንድምህን ደጅ ከረገጥህ ስንት ጊዜህ ነው? እሾህህን ጭስ ሳታይ አንሳው።