የአባ ዝለል ግራ ዓይን

በአንድ ወቅት፣ ሰው ለግጦሽ ሣር መገዳደል የሰለቸው ጊዜ፣ ላይ ማዶና ታች ማዶ የሚባሉ ሁለት አገሮች ነበሩ። በመካከላቸው አንድ ለምለም ሜዳ ነበረ። ለዚያ ሜዳ ስንት ዓመት ሲፋጁ ኖረው፣ በመጨረሻ የሁለቱም ሽማግሌዎች ተሰብስበው «በቃ! ከእንግዲህ የሚሞተው እንጨት ይሁን» ብለው ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ መስከረም በጠባ ቁጥር ሰፊ ገበታ ላይ አሸዋ ይነሰነሳል፣ በጭቃ ተራራ ይሠራል፣ ከየወገኑም ከስንዝር ያነሱ አርባ አርባ የእንጨት ጦረኞች ይሰለፋሉ። የጠላትን አዝማች የጣለ ወገን ሜዳውን ለዓመት ይወስዳል። ሳቁ፣ ሳቁ! ያ ገበታ ስንት እናት ከልቅሶ እንዳዳነ ብታውቁ አትስቁም ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። ጦረኛ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ አሸዋው ላይ አንዴ ከተተከለ በኋላም አይዞርም። ለመምታት ደግሞ ማየት አለበት። ማየት አለማየቱ የሚለየው በክር ነው። ዳኛው ከጦረኛው የተቀባ ዓይን እስከ ጠላቱ ደረት ክር ይዘረጋል። ክሩ ምንም ሳይነካ ከደረሰ፣ ጠላት ወደቀ።

አዝማች የጣለው ፈረሰኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ክብር አለ። ፈረሰኛውን የሠራው ሰው የፈረሱን ስም ይወርሳል። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በሸንጎ፣ እስኪሞት ድረስ በዚያ ስም ይጠራል። አንድ ስም፣ ለአንድ ሰው።

አያ እጅጉ የላይ ማዶ አናጢ ነበር። የመንደሩን በር ሁሉ የሠራው እሱ ነው፤ በነዚያ በሮች ግን ለድግስ ጠርቶ ያስገባው ሰው አልነበረም። ስድሳ ዓመት ሙሉ «ያ አናጢ» እየተባለ ኖረ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ለሦስት ልጆቹ ለቀቀ። ጓንጉል ይቀርጻል፣ ስንሻው ይገጣጥማል፣ ዘርትሁን ትቀባለች። ለአያ እጅጉ የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ሳይሞት ከቤቱ አንድ ሰው በአደባባይ በፈረስ ስም ሲጠራ መስማት።

በዚያ ዓመት የላይ ማዶን ጦረኞች የሠሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ገበታው ላይ ተቀምጦ የሚጫወተው ደግሞ አባትየው ሆነ። በነገራችን ላይ ለተጫዋች ስም የሚባል ነገር የለም፤ ጣቱን ነው ያንቀሳቀሰው፣ ስሙ የሠሪው ነው።

ጓንጉል ለአንዱ ፈረሰኛ የወይራ ሥር መርጦ ሦስት ወር ሙሉ ተፋጠጠው። ሌላ ቀራጭ ፈረስን በአራት እግሩ ያቆማል። እሱ ግን በኋላ እግሮቹ ብቻ የቆመ፣ የፊቶቹን ሽቅብ የሰቀለ ፈረስ ቀረጸ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መንገድ ላይ ይሰበራል» አለው አያ እጅጉ።

«ይሰበር! ፈረስ መስሎ ይሰበር» አለ ጓንጉል።

ፈረሱን አባ ዝለል አሉት። አያ እጅጉ እያገላበጠ አየው፣ አየውና «እጄ ደህና በነበረበት ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ አልሠራሁም» አለ። ልቡ በኩራት ሞላ።

ወደ ገበታው ሲወርዱ ጦረኞቹን የጫነችውን በቅሎ የሚስበው ስንሻው ነበር። ስንሻው ደግሞ ዘፈን አይችልም እንጂ ይወዳል። ወንዙ ዳር ውሃ የሚቀዱ ቆነጃጅት ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገና ልጓሙን ረሳው። በቅሎዋ አዳለጣት፣ ሣጥኑም ቋጥኝ ላይ ተከሰከሰ። ሠላሳ ዘጠኙ ጦረኞች በደህና ተለቀሙ። የአባ ዝለል ጋላቢ ግን ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተቆርጦ፣ ግራ ጉንጩ ከነዓይኑ ተልጦ ተገኘ።

ጓንጉል አንዴ አይቶት ፊቱን አዞረ። «የኔ አይደለም! ጣሉት። ይሄ ጎዶሎ የጓንጉል እጅ ነው እንዲባል አልፈልግም» ብሎ ብቻውን ቀደመ።

ስንሻው እፍረት ሊገድለው ደረሰ። ሾላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ድስት ጣደ፣ የቆዳ ሙጫ አፈላ። ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ለማስቀመጥ የተሰነጠረውን አንገት መከርከም ነበረበት። «ከከረከምኩት ትከሻው ውስጥ ይሰምጣል፤ አንገት የሌለው ጀግና ምን ይባላል?» እያለ አሥር ጊዜ አዟዙሮ ሞከረው። ወደ ግራ ሲያዞረው ስንጥር ከስንጥር ግጥም አለ። እዚያው አጣበቀው። ጋላቢው በግራ እጁ ከያዘው ጋሻ አናት በላይ ወደ ግራ የሚገላመጥ ሰው ሆነ። ገበታ ከተጀመረ ጀምሮ ጦረኛ ሁሉ ፊት ለፊት ነበር የሚያየው።

አያ እጅጉ ይህን ሲያይ ደነገጠ። በአገሩ የሥዕል ልማድ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በጎን ታይቶ አንድ ዓይን የሚሣልበት ጠላት ነው፣ ክፉ ነው። ይሄ ደግሞ ተገላምጦ ባለ አንድ ዓይን! «መሳቂያ ልንሆን ነው። ከኋላ በቀኝ ጥግ ላይ እደብቀዋለሁ። ዘርትሁን፣ እንዳትነኪው፤ የባሰ ታበላሺዋለሽ» አለ።

ዘርትሁን ግን ጋላቢውን አነሣች። ቀለሟ አልቆባታል። ከሙጫው ድስት ቂጥ ጥላሸት ጫረች፣ ከስንቃቸው የእንቁላል ቅርፊት አንስታ ፈጨች፣ ከበቅሎዋ ጭራ አንዲት ፀጉር ነቀለች። ትንፋሿን ውጣ በተላጠው እንጨት ላይ ደማቅ ዓይን ሣለች።

«አትንኪው አላልኩሽም?» አለ አባቷ።

«ብለኸኛል አባዬ። ግን የኛ ሰው ነው። ዕውር አድርገን ወደ ጦርነት አንሰደውም።»

ጨዋታው ተጀመረ። ለላይ ማዶ ቀኑ ክፉ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ከአርባው ስድስት ቀሩ። የታች ማዶው ተጫዋች ወልደየስ አዝማቹን ከጭቃው ተራራ ጀርባ ከአያ እጅጉ በስተግራ ሸሽጎ፣ «እጅጉ፣ እጅህን ስጥ! ወደ መጥረቢያህ ተመለስ» ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ።

አያ እጅጉ አንገቱን ደፍቶ ገበታውን ሲያይ፣ ጥጉ ላይ የደበቀው ፈረሰኛ ተራራ ተራራውን ሲገላምጥ አየ። እጁን አነሣ።

«ዳኛ፣ ክር!»

«ከየትኛው?»

«ከዚያ ከገላማጩ።»

ዳኛው ክሩን ከጋላቢው ቀኝ ዓይን ቢዘረጋው ክሩ የጋላቢውን የራሱን አፍንጫ ነካ። አገር በሳቅ ተንጫጫ።

«ሌላ ዓይን አለው» አለ አያ እጅጉ።

ከግራው ተዘረጋ። ክሩ በጋሻው አናት አለፈ። በተራራው ጫፍና በክሩ መካከል ጤፍ ብቻ የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። የአዝማቹ ደረት ላይ ደረሰ።

«ይሄ ዓይን አይደለም፣ ጭረት ነው!» ብሎ ወልደየስ ዘሎ ተነሣ።

ዳኛው ጎንበስ ብሎ ጋላቢውን አፍጥጦ አየው። ቆየና ቀና አለ። «እያየኝ ነው» አለ። «አዝማቹ ወደቀ!»

እልልታው ቀለጠ! ባለ ርስቶቹ፣ እነዚያ በራፋቸውን ዘግተውበት የኖሩት፣ አያ እጅጉን በትከሻቸው ተሸከሙት። ዳኛው ግን እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና «ሥራው የቤትህ ነው፤ አባ ዝለል ማን ይባል? አንድ ስም ጥራ» አለው።

ጓንጉል ቀደመ። «ፈረሱ በአራት እግሩ ቢቆም ክሩ ተራራውን ይነካ ነበር። ቁመቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«የኔ አይደለም ብለህ የጣልከውስ?» አለ ስንሻው።

«የተናደደ አባት ልጁንም የኔ አይደለህም ይላል።»

«እሺ፣ ፊት ለፊት ቢያይ ኖሮ አሸዋ ሲቆጥር ይውል ነበር። ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«የሰበርከውም አንተ ነህ!»

«ሰብሬ ጥዬው አልሄድኩማ!»

ዘርትሁን መሃላቸው ገባች። «ቁመቱም ይሁን፣ መዞሩም ይሁን፤ ያለ ዓይን ምን ያያል? ክሩ የተነሣው ከኔ እጅ ነው።»

ከሕዝቡ አንዱ «ሴት ልጅ አባ ዝለል ልትባል?» ብሎ ጮኸ።

«ስም ጢም አያበቅል፣ ምን ቸገረህ?» አለችው።

አያ እጅጉ ተነሣ። ስድሳ ዓመት «ያ አናጢ» ያለው ሕዝብ ሁሉ አፍ አፉን ያያል። ዞር ብሎ ሦስቱን አያቸው። አንዱ አልሰማም ብሎ ቀረጸ፣ አንዱ ያጠፋውን በእጁ አቀና፣ አንዷ እንቢ ብላ ዓይን ሰጠች። እንባው መጣ፤ የኩራት እንባ ነው። አንዱን ከጠራ ሁለቱ የአናጢ ልጅ እንደተባሉ ይቀራሉ። ካልጠራ ስሙ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። «አባ ዝለል…» ብሎ ጀመረ።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የቀረው የናንተ ሙግት ነው። እስቲ በአያ እጅጉ ቦታ ቁሙና ንገሩኝ፤ የፈረሱ ስም የሚገባው ለማን ነው?