አያ ጅቦ በዋሻው የለወጣት ሰዓት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የድሮ የእጅ ሰዓት መሰብሰብ ልክፍት የሆነበት አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበር። ሰባት ሰዓት በእግሮቹ ላይ አስሮ ይዞራል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ተደስቶባቸው አያውቅም። «ከነዚህ የምትበልጥ ተገኝታ ሌላ ቢቀድመኝስ?» እያለ ሲብሰለሰል ምግብም አይዋጥለትም ነበር።

ይህን የምታውቅ ቀበሮ አንድ ረፋድ ላይ ከዋሻው ደጃፍ ደረሰች። ፊቷ በእርጅና ቢጫ የሆነ የምትሞላ ሰዓት ይዛለች።

«አያ ጅቦ፣ እንዲህ ያለች ሰዓት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት» አለችው። «በዋሻህ እለውጥልሃለሁ። ቶሎ ወስን፤ ነብር እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ሊወስዳት ነው።»

ጅብ ሰዓቷ ላይ አፈጠጠ። ሚስቱ ደመናውን ሽቅብ እያየች፣ «ዝናቡ መጣ እኮ! ልጆቹን የት ልናስገባቸው ነው?» አለችው።

«ዝም በይ! ነብር ከቀደመኝ አለቀልኝ!» አለና ሰዓት በመጠገን የታወቀችውን እመት አህያን አስጠራ።

አህያ መጣች። «እውነቱን ብናገር ይበላኛል፤ ብዋሽ ደግሞ እነዚህ ሕፃናት ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው» ብላ ተጨነቀች። ሰዓቷን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ብዙ አዳመጠች።

«ፊቷ አሮጌ ነው፤ የማሽኗ ድምፅ ግን የአዲስ ነው» አለች በቀስታ። «የጀርባ ክዳኗ ይከፈትና ውስጧ ይታይ።»

«ከተከፈተች አቧራ ይገባባታል!» ብላ ጮኸች ቀበሮ። «ፀሐይዋም አናት ላይ ልትደርስ ነው፤ እኔ ልሂድ።»

«አያ ጅቦ፣ ረጋ በል» አለች አህያ። «አምሳያ የላትም ማለት ውድ ናት ማለት አይደለም። ከተሰባበሩ ሰዓቶች ተለቃቅማ የተገጠመች ሰዓትም አምሳያ የላትም።»

«ገባኝ! አንቺን የላከሽ ነብር ነው!» ብሎ ጅብ ዘሎ ሊይዛት ሲል፣ አህያ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርዳ ለጥቂት አመለጠች። እሱም እዚያው ዋሻውን ለቀበሮ አስረክቦ ሰዓቷን እግሩ ላይ አሰረ።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። ጅብና ቤተሰቡ አንዲት ግራር ሥር ተጠግተው በሰበሱ። ሰዓቷም ውሃ ገብቷት ቀጥ አለች። ጅብ ክዳኗን ፈልቅቆ ቢያይ፣ ማሽኗ ለአካሏ ትንሽ ኖሮ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ወረቀት ተጠቅጥቆበታል።

እየሮጠ ወደ ዋሻው ሄደ። «እመት ቀበሮ፣ ልጆቼ በብርድ ሊያልቁብኝ ነው! ስምንቱንም ሰዓት ውሰጂና ዋሻዬን መልሺልኝ!»

ቀበሮ ከደረቁ ሥፍራ ሳትነሳ፣ «አያ ጅቦ፣ በዚህ ዝናብ፣ ሰዓት ምን ያደርግልኛል?» አለችው።

ጅብ ወደ ግራሯ ሲመለስ ሚስቱ ትንሹን ልጇን በአፏ አንጠልጥላ፣ ሌሎቹን አስከትላ፣ በጭቃው ውስጥ ወደ እናቷ አገር መንገድ ጀምራለች። ዞር ብላም አላየችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ከኋላ ተከተላት።

ከዚህ የምንማረው፣ «ያመልጠኛል» በሚል ጭንቀት የሚቸኩል ሰው ብርቅ የሆነውን ዋጋ ካለው መለየት እንደሚያቅተውና በእጁ ያለውን የሚበልጥ ነገር እንደሚያጣ ነው።