ማን ጠየቀህ?

አንድ የሳይንስ መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው ኢንተርኔት ላይ ሥዕል የሚሰበሰብበት ሰሌዳ ከፈተ። ተማሪዎቹ በየስልካቸው ያዩታል፤ ስልክ ለሌላቸው ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያበራላቸዋል።

አንድ ደንብ ነበረው፤ ተማሪ ያልጠየቀውን ሥዕል አይለጥፍም። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ጥያቄውንና የጠያቂውን ስም ይጽፋል። «የዓሣ ጆሮ የት ነው? ትርንጎ።» «ጉንዳን ይተኛል? ሙሉሰው።» ለትርንጎ ጥያቄ የሚሆን ሥዕል ሲፈልግ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀ። በሁለት ዓመት አርባ ሦስት ሥዕል ሰበሰበ።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ በስብሰባ መካከል ሰሌዳውን ከፍቶ ሳቀ።

«መምህር ጓንጉል፣ ጎረቤታችን ያለው ትምህርት ቤት ሁለት ሺህ ሥዕል አለው። ያንተ አርባ ሦስት፤ እሱም የዓሣ ጆሮ! ለመሆኑ የዓሣ ጆሮ ማን ጠየቀህ?»

«ትርንጎ» አለ መምህሩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልቀለደም ነበር።

«በል፣ የይለፍ ቃሉን ለኮምፒውተር ባለሙያው ስጥ። ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው።»

«የፈለጋችሁትን ጨምሩበት፤ የልጆቹን ጥያቄ ብቻ አትንኩብኝ» ብሎ ለመነና ሰጠ።

በሳምንቱ ሰሌዳው ከሁለት ሺህ በላይ ሥዕል ሞላ። ጥያቄዎቹ «ለእንግዳ አይመጥኑም» ተብለው ከነስማቸው ተሰረዙ፤ አርባ ሦስቱ ሥዕሎችም አብረው ጠፉ። ትምህርት ቤቱ ዋንጫ ተሸለመ። ትርንጎ ስሟን ፈልጋ አጣች፤ ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

መምህሩ በክረምት ታመመ፤ አራት ወር ተኝቶ ሞተ።

ርእሰ መምህሩ መምህራኑን አስከትሎ ለቅሶ ደረሰ። ከሟቹ ሚስት አጠገብ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«ይጽናኑ፣ እትዬ። ሥራው አልሞተም፤ ይኸውና።»

ሚስቱ አየች። ልብ፣ ሳንባ፣ ፕላኔት፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። የአንድም ልጅ ስም የለበትም።

«የእሱ የትኛው ነው?» አለችው።

ጣቱን ቢያንሸራትት፣ ቢያንሸራትት አላገኘም።

«ይኼን ሁሉ ሥዕል ማን ጠየቃችሁ?» አለች። «እሺ ይሁን። አራት ወር ሲተኛስ እሱን ማን ጠየቀው?»

ርእሰ መምህሩ አቀረቀረ። ከድንኳኑ ጥግ፣ ከተማሪዎቹ መካከል፣ ትርንጎ እጇን አወጣች።

ያቺ ሚስት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ስለማይገኝ እዚህ ጻፍኩት።

ሥዕል መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ማንም ባዶ ቀን ያለው ሰው ሁለት ሺህ ይሰበስባል። የልጅን ጥያቄ ሰርዞ የተለጠፈ ሥዕል ግን የግድግዳ ጌጥ እንጂ ትምህርት አይደለም። ጥያቄን የናቀ ሰው የታመመ መጠየቅንም ይረሳል።

እርስዎስ፣ ዛሬ ለልጆች የሚያሳዩትን ማን ጠየቀዎት? ስሙን ያስታውሱታል?