ከብቶቹ ለምን አጠሩ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ስጡኝ።

ከብቶች በሚናገሩበት ዘመን አንድ ገበሬ በየፋሲካው ከኮርማዎቹ ትልቁን ያርድ ነበር። ለዘር የሚቀረው ሁልጊዜ ትንሹ ስለሆነ፣ መንጋው ከዓመት ዓመት እያጠረ ሄደ።

አንዲት ጥጃ አሮጊቷን ላም «አያቴ፣ ለምን ድንክ ሆንን?» ብላ ጠየቀቻት።

«ረጃጅሞቹን ፋሲካ በላቸው። እኛን ያተረፈን ማጠራችን ነው።»

አንድ ቀን ገበሬው የአንዱን ድንክ ኮርማ ጀርባ ዳሰሰና ቤቱ ለመጣ እንግዳ፣ «ትንሽ ሣር ይበቃዋል፤ ሥጋው ግን ከትልቁም ይጥማል» አለው።

ኮርማው ደረቱን ነፍቶ መጣ። «አያቴ፣ ሰማሽ? አደነቁን እኮ!»

«ሰማሁ ልጄ» አለች አሮጊቷ፤ ጥጃዋንም ቀስ ብላ ከኋላዋ ደበቀቻት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዛሬ ሥጋው ይቅርብኝ።