የአህያው ተሳፋሪዎች

ተረት ተረት፤ የበረታችሁን በር ዝጉና ስሙኝ።

ጀርባ ማለት ባለቤቱ የሌላውን ሁሉ ሸክም የሚሸከምበት፣ ራሱ ግን አይቶት የማያውቀው የሰውነት ክፍል ነው።

ገለባ የሰለቸው አንድ አህያ ነበር። ጌታው ጨው ሊያስጭነው በየቅዳሜው ባዶውን ወደ ገበያ ይልከዋል። አህያውም «መሄዴ እንደሆነ አይቀር» አለና በእፍኝ ገብስ ተሳፋሪ መጫን ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ መጀመሪያ የተሳፈረው ዘንዶ ነበር። «ቦታ አላጣብብም፤ ወገብህ ላይ ተጠምጥሜ እሄዳለሁ» አለው። ትንሽ እንደሄዱ ዶሮ ወጣች።

«አያ አህያ፣ ይኼ ገመድ አልወፈረም?»

«የጭነት ገመድ ነው፤ እንዳትወድቂ አጥብቀሽ ያዢው» አላት። እውነቱን ቢነግራት እፍኝ ገብሷ ይቀርበት ነበር።

ቀጥላ ወሬኛዋ ጥንቸል ተሳፈረች። የአጎቷን ሠርግ ስታወራለት መንገዱ አጠረለት።

ቁልቁለቱ ላይ ዶሮዋ ዝም አለች። ወንዙ ጋ ሲደርሱ የጥንቸሏ ወሬ ሙሽራው ገና ከቤት ሳይወጣ ተቋረጠ። አህያው ሸክሙን በጀርባው መዘነው፤ የላባ ያህል እንኳ አልቀለለም። «ሁሉም አሉ፤ እንቅልፍ ጥሏቸው ነው» ብሎ ተጽናና።

ገበያ ሲደርሱ አንድ ተሳፋሪ ብቻ፣ ያውም በዝግታ፣ ወረደ።

«ሌሎቹስ?» አለ አህያው።

«ከእኔ ጋር ናቸው። የእነሱንም እኔ እከፍላለሁ።»

አህያው የሦስቱንም ገብስ ቆረጠመ። በተከታዩ ቅዳሜ መንገድ ላይ ዶሮም ጥንቸልም አልቆመም። የተሳፈረው ዘንዶው ብቻ ነበር፤ ቁርስም አልበላም ነበር።